የጅብ ጥላ በፈቃድ

ጋሼ ፖርትላንድ ውስጥ ሰው ማመላለስ ከጀመሩ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ድሮ በታክሲ ነበር፤ አሁን በስልክ በሚጠራው መኪና ነው። ስማቸውን የማልጠራው እሳቸው «ስሜን እንዳታነሳ» ስላሉኝ ነው። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ላይ እንገናኛለን። የሳምንቱን ተሳፋሪዎቻቸውን አንድ በአንድ ያወሩልኛል፤ ሰካራሙን፣ ያለቀሰውን፣ ጉርሻ የነፈገውን።

«ሐሙስ ለት አንዲት ሴትዮ ጫንኩ» አሉኝ ባለፈው። «ታፔላ የሌለው ቤት ነው፤ የጥርስ ሐኪም ቤት ይመስላል። አንዱ ክንዷን ይዞ እስከ መኪናው ድረስ ሸኛት። ታማ መስሎኝ ‹ሐኪም ቤት ላድርስሽ?› ብላት፣ ‹አይ፣ ቤቴ ውሰደኝ› አለችኝ። መጠጥ አይሸታትም። ሲጋራም አይሸታትም። ዝም ብላ በመስኮቱ ዝናቡን ታያለች። አንዴ ብቻ ‹ዛፎቹን አየሃቸው?› አለችኝ። እኔ በዚያ መንገድ ስንት ዓመት ስመላለስ ዛፍ መኖሩንም ልብ ብዬ አላውቅም። ምን ቤት ነው እሱ?»

ሰፈሩን ስለማውቀው ገባኝ። «የእንጉዳይ ቤት ነው ጋሼ» አልኳቸው።

«ምግብ ቤት?»

«አይደለም። የሚያሰክረው እንጉዳይ። የጅብ ጥላ።»

ስኒያቸውን አስቀመጡ። የጅብ ጥላ እሳቸው ባደጉበት አገር ልጅ እንዳይነካው የሚከለከል፣ ከብት እንኳ የሚያልፈው ነገር ነው። «የጅብ ጥላ እየበሉ፣ መንግሥት እያወቀ?»

«መንግሥት ፈቃድ ሰጥቶ» አልኳቸው። «ግብርም ይሰበስብበታል።»

የዚያን ለት የጀመርነው ወሬ በአንድ ቡና አላለቀም። ይህ ጽሑፍ የቀረው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

*

ኖቬምበር 3 ቀን 2020 የኦሪገን መራጭ ከትራምፕና ከባይደን ስም በታች «ሜዠር 109» የሚል ጥያቄ ቀረበለት። ጥያቄው ባጭሩ፣ ሲሎሳይቢን የተባለው ንጥረ ነገር ያለበትን እንጉዳይ ሠልጥኖ ፈቃድ ያገኘ ሰው ባለበት፣ ፈቃድ ባለው ቤት ውስጥ መውሰድ ይፈቀድ ወይ የሚል ነበር። ከመቶው 56 ያህሉ ይፈቀድ አለ። ከአሜሪካ ግዛቶች ይህን ያደረገ ከዚያ በፊት አልነበረም።

ሐሳቡን አንስተው ለዓመታት የተሯሯጡት ቶምና ሼሪ ኤከርት የተባሉ፣ በንግግር ሕክምና የሚተዳደሩ ባልና ሚስት ናቸው። ለዘመቻው ገንዘብ ካፈሰሱት አንዱ ዶክተር ብሮነርስ የተባለው የሳሙና ኩባንያ ነው፤ አዎ፣ ጠርሙሱ ላይ ደቃቅ ጽሑፍ የታጨቀበት ያ ሳሙና። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ግን ተቃወመ፤ መድኃኒት በጥናት እንጂ በድምፅ አይጸድቅም አለ። ሼሪ ኤከርት የደከመችለት ሕግ ሥራ ላይ ሲውል አላየችም። ድምፁ በተሰጠ በሁለተኛው ወር በድንገት አረፈች።

በዚያው ቀን ሜዠር 110 የሚባል ሌላ ሕግም አልፎ ነበር። እሱ ሄሮይንን ጨምሮ ማንኛውንም ዕፅ በትንሽ መጠን ይዞ መገኘትን ከወንጀልነት ያወጣ ነው። መንገድ ዳር የሚወጉ ሰዎች ሲበዙ ሕዝቡ ተማረረ፤ የግዛቷ ምክር ቤት በ2024 መልሶ ሻረው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ዛሬም ብዙ ነው፤ ጋሼም አንዱ ነበሩ። የእንጉዳዩ ሕግ አልተነካም።

ኦሪገን እንዲህ ያለውን ነገር ከሌሎች ቀድማ መሞከር ልማዷ ነው። ማሪዋና ይዞ መገኘትን በ1973 ከወንጀልነት ያወጣች የመጀመሪያዋ ግዛት እሷ ናት። በማይድን ሕመም የተያዘ ሰው ሕይወቱን የሚያሳጥርበት መድኃኒት ሐኪም እንዲያዝለት በሕግ የፈቀደችውም መጀመሪያ እሷ ናት።

አሁን ወደ አንዱ ነገር ልመለስ፤ ጋሼን ከሁሉ በላይ ያስገረማቸው እሱ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሁሉ «በሳይኬደሊክ የታገዘ ሕክምና» እያለ ይጠራዋል። የኦሪገን ሕግ ግን «ሕክምና» አይልም። «የሲሎሳይቢን አገልግሎት» ነው የሚለው። ታካሚ የለም፤ ደንበኛ ነው። የሐኪም ማዘዣ አይጠየቅም። «ምንህን ነው የሚያምህ?» የሚልም የለም፤ ድብርት ያለበት ይመጣል፣ የሚያምመው የሌለውም ይመጣል። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የፌዴራሉ መንግሥት ሲሎሳይቢንን ከ1970 ጀምሮ ከሄሮይን ጋር አንደኛው መደብ ውስጥ መዝግቦታል፤ ተቀባይነት ያለው የሕክምና ጥቅም የለውም የሚባልበት መደብ ነው። ስለዚህ የትኛውም ሐኪም ማዘዣ ሊጽፍበት አይችልም። ኦሪገን በሐኪሙ በር መግባት ስላልቻለች ጎን ለጎን ሌላ በር ከፈተች።

*

ያቺ ሴትዮ የጋሼ መኪና ውስጥ እስክትገባ ድረስ ምን ምን እንዳለፈች ማንም ባይነግረኝም ደንቡ ይነግረኛል፤ ለሁሉም አንድ ነውና።

መጀመሪያ ዕድሜዋ 21 መሙላቱ ታይቷል። የኦሪገን ነዋሪ መሆን አይጠበቅባትም፤ ከቴክሳስም ከጀርመንም የሚመጣ አለ። ቀጥሎ ሦስት የማይታለፉ ጥያቄዎች አሉ። ባለፉት 30 ቀናት ሊቲየም የሚባለውን መድኃኒት ወስዳለች? ሊቲየም ከሲሎሳይቢን ጋር ሲገናኝ ሰውን ሊያንቀጠቅጥና ሊጥል ይችላል። ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም ኖሮባት ወይም ታክማበት ታውቃለች? ራሷን ወይም ሌላ ሰው ለመጉዳት እያሰበች ነው? ለአንዱ እንኳ «አዎ» ካለች አትገባም።

ከዚያ የዝግጅት ቀጠሮ አለ። ከዋናው ቀን ቢያንስ 24 ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ቢበዛ ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ መደረግ አለበት። አብሯት የሚቀመጠው ሰው በእንግሊዝኛው «ፋሲሊቴተር» ይባላል፤ እኔ አስታማሚ ብለው ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱን በኋላ እመጣበታለሁ። በዚህ ቀጠሮ ከሚፈረሙት ወረቀቶች አንዱን ሳነበው ትንሽ ፈገግ አሰኝቶኝ፣ ወዲያው ደግሞ አሳስቦኛል። በዕለቱ ቢጨንቅሽ እጅሽን ልያዝሽ? ልቀፍሽ? የሚፈቀደው መንካት ማቀፍ፣ አለዚያም እጅን፣ እግርን ወይም ትከሻን መያዝ ብቻ ነው፤ እሱም አስቀድማ በጽሑፍ ከፈቀደች። እንጉዳዩን ከወሰደች በኋላ «ይሁን» ብትል አይቆጠርም። የሰው አእምሮ ወለል ብሎ በተከፈተበት ሰዓት አጠገቡ ያለ ሰው ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያወቀ ሰው የጻፈው ደንብ ነው።

ሌላው ወረቀት ወደ ቤት እንዴት እንደምትሄድ የሚጻፍበት ነው። መንዳት አትችልም። ጋሼ የገቡት በዚህ ወረቀት በኩል ነው።

የዕለቱ ክፍል ብዙውን ጊዜ ሳሎን ይመስላል፦ ሶፋ ወይም ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ የዓይን መሸፈኛ፣ ቀስ ያለ ሙዚቃ። እንጉዳዩ በታሸገ ዕቃ ይመጣል፤ ላዩ ላይ ስንት ሚሊግራም ሲሎሳይቢን እንዳለው ተጽፏል። በአንድ ቀን ከ50 ሚሊግራም በላይ አይፈቀድም። ደረቁን የሚያኝክ አለ፤ ዱቄቱን በሻይ የሚጠጣ፣ በካፕሱል የሚውጥም አለ። የሚፈቀደው ዘር አንድ ብቻ ነው፤ ሲሎሳይቢ ኩቤንሲስ ይባላል። በዱር የከብት እበት ላይ መብቀል የሚወድ ነው፤ ደንቡ ግን በእበት ማብቀልን ይከለክላል። አብቃዩ ፈቃድ አለው፣ መርማሪው ላቦራቶሪ ፈቃድ አለው፣ እያንዳንዱ ግራም ከእርሻው እስከ አፍ በኮምፒውተር ይመዘገባል። አንድ ቁራጭ እንኳ ኪስ ከትቶ መውጣት አይቻልም። እዚያው ተገዝቶ እዚያው ይበላል።

ከዋጠች በኋላ በሩ ይዘጋል። ትልቁን መጠን ከወሰደች ቢያንስ ስድስት ሰዓት እዚያው ትቆያለች። አስታማሚው አይመክራትም፣ አይተነትንላትም፣ «እናትሽን ይቅር በያት» አይላትም። ሥራው አጠገቧ መኖር ነው። ውኃ ያቀብላል፤ ሽንት ቤት ያደርሳል፤ ስታለቅስ አይደነግጥም። በሦስት ቀን ውስጥ ደግሞ ደውሎ እንዴት እንደሆነች ይጠይቃል፤ ከፈለገች ያየችውን ቁጭ ብለው ይነጋገሩበታል።

አስታማሚ ያልኩት ለዚህ ነው። ጠበል የወሰዱ ሰዎች ያውቁታል፦ የሚያጠምቁት ካህኑ ናቸው፤ ታማሚውን ግን ሌሊት የሚጠብቀው፣ ሲጮህ የሚይዘው፣ ነጠላውን የሚያለብሰው ወንድሙ ወይም ጎረቤቱ ነው። ኦሪገን ካህኑንም ሐኪሙንም አውጥታ አስታማሚውን ብቻ አስቀረች። የሥልጠናው ልክ 120 ሰዓት ትምህርትና 40 ሰዓት ልምምድ ነው፤ ፈተናም አለው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሰ ሁሉ ሊገባበት ይችላል። ያንሳል የሚሉ አሉ፤ እኔም ያንሳል ከሚሉት ነኝ። ስድስት ሰዓት ከሰው ጭንቅ ጋር መቀመጥ በአንድ ወር ትምህርት የሚለመድ አይመስለኝም። በሌላ በኩል፣ ስንት ዓመት ተምሮ የሰው እጅ መያዝ የማይችልም አይቻለሁ።

*

ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ከላቦራቶሪ አይደለም የመጣው። በደቡብ ሜክሲኮ ኦአሃካ ግዛት፣ ተራራ ላይ የተሰቀለች ሁዋውትላ ዴ ሂሜኔስ የምትባል ከተማ አለች። በ1955 የክረምት መግቢያ፣ የጄ. ፒ. ሞርጋን ባንክ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረ ጎርደን ዋሰን የተባለ አሜሪካዊ እዚያ ደረሰ። ማሪያ ሳቢና የምትባለዋ የማዛቴክ ሴት በሌሊት ሻማ አብርታ፣ እንጉዳዩን በጥንድ በጥንድ እየሰጠች የምትጸልይ አዋቂ ነበረች። ወደ እሷ የሚሄደው የታመመ ሰው ነው፤ የጠፋበትን የሚፈልግ ሰውም ይሄዳል። እንዲሁ ለማየት ብሎ መሄድ የለም። ዋሰንም ይህን ስላወቀ ምክንያት ፈጠረ፤ ስለ ልጄ ተጨንቄአለሁና የት እንዳለ ንገሪኝ አላት። ለጉድ የመጣው ሰው እንደ ጭንቀታም ገብቶ አደረ።

በሜይ 1957 ያየውን «ላይፍ» በተባለው መጽሔት ላይ ጻፈው። በቀጣዩ ዓመት የስዊሱ ኬሚስት አልበርት ሆፍማን ንጥረ ነገሩን ለይቶ አወጣ፤ ሲሎሳይቢን የሚለውን ስም ያገኘው ያኔ ነው። ከዚያ ጸጉሩን ያስረዘመ ወጣት ሁሉ ወደ ሁዋውትላ ጎረፈ። ፖሊስም ተከትሎ መጣ። የከተማዋ ሰው ጥፋቱን በማሪያ ሳቢና ላይ ጣለ፤ ቤቷ ተቃጠለ። ምስጢሩን ለእንግዳ በማሳየቷ ተጸጽታ በ1985 በድህነት ሞተች። ዛሬ ፖርትላንድ ውስጥ በሺህ ዶላር ከሚሸጠው አገልግሎት ለሁዋውትላ ሰዎች በሕግ የተመደበ ድርሻ የለም።

በአሜሪካ ምርምሩ ለሠላሳ ዓመት ያህል ቆመ ማለት ይቻላል። መልሶ የከፈተው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሮላንድ ግሪፊትስ ነው፤ የመጀመሪያ ጥናቱ በ2006 ወጣ። በ2016 የእሱ ቡድን 51 የካንሰር ሕመምተኞችን አጥንቶ አንድ ትልቅ መጠን የሞት ፍርሃታቸውንና ድብርታቸውን እንደቀነሰላቸው፣ ከመቶ 80 በሚሆኑት ላይ ደግሞ ለውጡ ከስድስት ወር በኋላም እንዳለ ዘገበ። ግሪፊትስ በኋላ ራሱ በካንሰር ተይዞ በ2023 ሞተ።

እንጉዳዩ ጭንቅላት ውስጥ ምን ያደርጋል? ሰውነት ሲሎሳይቢኑን ሲሎሲን ወደሚባል ነገር ይለውጠዋል፤ እሱም ሴሮቶኒን የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ይቀመጣል። ያኔ ሰው ስለ ራሱ እየደጋገመ የሚያብሰለስልበት የአእምሮ መንገድ ለጥቂት ሰዓታት ይላላል፤ እርስ በርስ የማይነጋገሩ የአንጎል ክፍሎች መነጋገር ይጀምራሉ። ድብርት ውስጥ የቆየ ሰው ማብሰልሰሉን ያውቀዋል፦ ያው ሐሳብ፣ በዚያው መንገድ፣ ሌሊቱን ሙሉ። ማየት ያቆመውን ዛፍ እንደገና ማየትም ከዚያው የሚመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ግን ተአምር አድርገው የሚሸጡት ሰዎች አይሸውዱን። በ2022 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት መድኃኒት አልሠራ ባላቸው 233 የድብርት ሕመምተኞች ላይ ተደርጓል። 25 ሚሊግራም ከወሰዱት ውስጥ በሦስተኛው ሳምንት ከመቶ 29ኙ ከድብርቱ ወጥተው ተገኙ፤ ለይስሙላ 1 ሚሊግራም ብቻ ከተሰጣቸው ግን 8ቱ። ልዩነቱ እውነት ነው። በ12ኛው ሳምንት ግን ለውጡ የጸናላቸው ከመቶ 20 ብቻ ነበሩ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የተለመደ ነው፤ ከተሳታፊዎቹም ራስን የማጥፋት ሐሳብ የመጣባቸው ነበሩ። በኦሪገን ቤቶች ውስጥ ደግሞ የሚገባው ሰው እንደ ጥናቱ በሐኪም ተመርጦ የገባ አይደለም።

ከቤቶቹ ውጭ ያለውንም መርሳት የለብንም። በኦክቶበር 2023፣ ከ80 በላይ ሰው በጫነ አውሮፕላን ላይ፣ ከሥራ ውጪ ሆኖ ከአብራሪዎቹ ኋላ የተቀመጠ ሌላ አብራሪ የሞተሮቹን ማጥፊያ እጀታ ሊስብ ሞከረ። ከሁለት ቀን በፊት ከጓደኞቹ ጋር እንጉዳይ እንደበላና እንቅልፍ እንዳጣ ተናግሯል። አውሮፕላኑ ያረፈው እዚሁ ፖርትላንድ ነው። ያ ሰው የትኛውም ፈቃድ ያለው ቤት ደንበኛ አልነበረም። ግን «አስታማሚው ለምን ያስፈልጋል?» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

*

የኦሪገን የጤና ባለሥልጣን የፈቃድ ማመልከቻ መቀበል የጀመረው በጃንዋሪ 2023 ነው፤ የመጀመሪያው ቤት በዚያው ዓመት ዩጂን ከተማ ተከፈተ። ከዚያ የገንዘቡ ነገር መጣ።

የአገልግሎት ቤት ለመክፈት በዓመት 10,000 ዶላር የፈቃድ ክፍያ አለ፤ ለአብቃዩም ለላቦራቶሪውም እንዲሁ። አስታማሚው በዓመት 2,000 ይከፍላል። በሚሸጠው እንጉዳይ ላይ 15 በመቶ ግብር አለ። ይህ አልበቃ ብሎ የፌዴራሉ የግብር ሕግ አንደኛው መደብ ውስጥ ያለ ነገር የሚነግድ ድርጅት የቤት ኪራዩንና ደመወዙን እንደ ወጪ እንዳይቀንስ ይከለክላል፤ የሱቅ ባለቤት የሆነ አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ኢንሹራንስ አይከፍልም። ስለዚህ አንድ ደንበኛ ከ1,000 እስከ 3,500 ዶላር ከኪሱ ያወጣል። እጅግ የተቸገረው ሰው ነው እጅግ የሚያስፈልገው፤ እሱ ግን አይደርስበትም። ቤቶቹም አልበለጸጉም፤ ከተከፈቱ ብዙም ሳይቆዩ የዘጉ አሉ።

ሕጉ ለየአካባቢው መራጭ «አይገባብንም» የማለት መብት ስለሰጠ፣ በ2022 ብዙ የገጠር ካውንቲዎችና ከተሞች በድምፅ ዘጉት። ቤቶቹ ፖርትላንድ፣ ዩጂን፣ ቤንድ፣ አሽላንድን በመሳሰሉ ቦታዎች ተሰባሰቡ። አልጋ ላይ የዋለ፣ ከቤቱ መውጣት የማይችል፣ ሊሞት የተቃረበ ሰውስ? እንጉዳዩ ከቤቶቹ ስለማይወጣ እሱ ጋ አይደርስም። በዚህ ምክንያት የአካል ጉዳተኞችን መብት ጠቅሰው ግዛቷን በ2024 ፌዴራል ፍርድ ቤት የከሰሱ ሐኪሞችና አስታማሚዎች አሉ።

ሌሎች ግዛቶች ከኦሪገን ስሕተትም ከብልኅነቷም ተምረዋል። ኮሎራዶ በ2022 ድምፅ ሰጥታ የመጀመሪያዎቹን ፈቃዶች በ2025 አወጣች። እዚያ ከተሞች ቤቶቹን ሙሉ በሙሉ መከልከል አይችሉም፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያም ሙያውን ሳያወልቅ ሊሠራ ይችላል። 21 ዓመት የሞላው ሰው ቤቱ አብቅሎ ለጓደኛው በነፃ ቢሰጥ በግዛቷ ሕግ አያስጠይቀውም። ኒው ሜክሲኮ በ2025 የሐኪም ቤቱን መንገድ መረጠች፤ ታካሚ አለ፣ በሽታው ተለይቶ ይጻፋል፤ እስከ 2027 መጨረሻ ሥራ ይጀምራል ተብሏል። አውስትራሊያ በጁላይ 2023 የተፈቀደላቸው የአእምሮ ሐኪሞች እንዲያዝዙት አደረገች፤ በአገር ደረጃ እሷን የቀደመ የለም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ግን በኦገስት 2024 ኤምዲኤምኤ ለተባለ ሌላ ንጥረ ነገር የቀረበለትን ማመልከቻ ማስረጃው አይበቃም ብሎ መለሰ።

*

«እንግዲያው ሕጋዊ ከሆነ» አሉኝ ጋሼ በሦስተኛው እሁድ፣ «ያ የእህቴ ልጅ ሊሞክረው ይችላል ማለት ነው?»

ልጁ ከመጣ አራት ዓመቱ ነው። የጭነት መኪና ይነዳል። እንቅልፍ የለውም፤ ከመንገዱ ይሁን ካየው ነገር ማን ያውቃል። ሐኪም ዘንድ ሂድ ሲሉት «እብድ ነኝ እንዴ?» ይላል። ጠበል ወስደውታል። ጋሼ የጠየቁኝ ለቀልድ እንዳልሆነ ፊታቸው ላይ አየሁት።

ስለዚህ ነገር በእንግሊዝኛ ብዙ ተጽፏል። የእኛን ሰው የሚመለከተው ግን ሁልጊዜ ከታች፣ በአንድ መስመር ይታለፋል። ልጁ ግሪን ካርድ ነው ያለው።

ኦሪገን ፈቀደች ማለት የኦሪገን ፖሊስ አይዝህም ማለት ነው። ቪዛ፣ ግሪን ካርድ፣ ዜግነት ግን የሚሰጠውም የሚወስደውም የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ እሱ ዘንድ ሲሎሳይቢን ዛሬም አንደኛው መደብ ውስጥ ነው። የኢሚግሬሽኑ ሕግ በቁጥጥር ሥር ያሉ ዕፆችን ሕግ የጣሰ የውጭ ዜጋ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ለዚህ ደግሞ ጥፋተኛ ተብሎ መፈረድ አያስፈልግም። ማድረጉን በሕግ በተደነገገው መንገድ አምኖ መናገሩ ይበቃል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው አዲስ አበባ ለሠርግ ሄዶ ሲመለስ፣ እንዲህ ያለ ነገር ካለበት እንደ አዲስ ገቢ ሊቆጠር ይችላል። የዜግነት አመልካች ደግሞ «መልካም ሥነ ምግባር» ያለው መሆኑ ይታያል። የኢሚግሬሽን ባለሥልጣኑ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ማሪዋና በግዛት ሕግ ቢፈቀድም መጠቀሙ፣ በማሪዋና ድርጅት ተቀጥሮ መሥራቱም ሳይቀር፣ ይህን መልካም ሥነ ምግባር ሊያሳጣ እንደሚችል ጽፏል። እንጉዳዩም በፌዴራሉ ሕግ የተከለከለ ስለሆነ ያው ሐሳብ ሊከተለው ይችላል። በኦሪገን የደንበኛው ስምና ወረቀት በምስጢር እንዲያዝ ሕጉ ያዛል፤ ጥሩ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ በመሐላ ሲጠየቅ ግን መላሹ ራሱ ነው፤ መዋሸት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው።

መንጃ ፈቃዱም አለ። ትልቅ ጭነት መኪና የሚነዳ ሰው አንደኛው መደብ ውስጥ ያለ ዕፅ እየተጠቀመ ሥራ እንዳይገባ የፌዴራሉ የትራንስፖርት ደንብ ይከለክላል። ኦሪገን ፈቅዳለች ማለት እዚያ አይሠራም።

ይህን ስል እንጉዳዩ ሰው አያድንም ማለቴ አይደለም። ማስረጃው እየበዛ ነው፤ ያቺ ሴትዮም ምናልባት ከዓመታት በኋላ ዛፍ ያየችበት ቀን ይሆናል። የምለው የተከፈተው በር ለሁሉም እኩል አልተከፈተም ነው። አሜሪካዊው ሊያጣ የሚችለው ሦስት ሺህ ዶላሩን ነው። የእህታቸው ልጅ ግን ከገንዘቡ ሌላ አገር ሊያጣ ይችላል። ኮሎራዶ ውስጥ ነገሩ የባሰ ነው፤ ዴንቨርና ኦሮራ ስንትና ስንት ሐበሻ ይኖራል፤ በቤት አብቅሎ ለጓደኛ መስጠት «ሕጋዊ ነው» ሲባል የሰማ ወጣት እየበላ ያለው ግሪን ካርዱን መሆኑን የሚነግረው የለም።

ለጋሼ የነገርኳቸው ይህን ነው። ለእንቅልፉና ለጭንቀቱ በሐኪም የሚታዘዙ፣ የንግግር ሕክምናም ጨምሮ፣ ፓስፖርት የማይነኩ ብዙ መንገዶች አሉ፤ መጀመሪያ እነሱ ይሞከሩ አልኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «እሱን አንተው ንገረው፤ እኔን አይሰማኝም» አሉኝ።

እርስዎም ዜግነት ገና ካልወሰዱ፣ በኦሪገንም ሆነ በኮሎራዶ የእንጉዳይ ቤት ፎርም ላይ ከመፈረምዎ በፊት አንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ። በሩ ላይ መታወቂያ የሚጠየቁት ዕድሜዎ 21 መሙላቱን ለማየት ብቻ ነው። የመኖሪያ ወረቀትዎን የሚጠይቅዎት ሰው እዚያ የለም።